የኪንግስ ኦቭ ኮንቪኒየንስ ሁለተኛ አልበም፦ ድሬዳዋ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚራ ጥላ ሥር ይሁን ሳቢያን ጓደኛ ቤት፣ ይህን አልበም በከፈትኩ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች ያው ናቸው። «እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?» «ከበሮው የታለ?» «አቦ፣ ድምፁን ጨመር አድርገው እንጂ!» ጊታር የሚማሩ የሰፈር ልጆች ደግሞ የራሳቸው ጥያቄ አላቸው። መልሱን በቃል ከምደጋግመው አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። አልበሙን በጣም ስለምወደው አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው አልበም ነው?

«ራየት ኦን አን ኤምፕቲ ስትሪት» ይባላል። ኪንግስ ኦቭ ኮንቪኒየንስ የተባሉ ሁለት ኖርዌጂያውያን በ2004 ያወጡት ሁለተኛ አልበማቸው ነው። 12 ዘፈን አለው። ሁሉም ተደምሮ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሁለት ጊታር፣ ሁለት ድምፅ፣ አልፎ አልፎ ፒያኖና ቫዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅ መሣሪያ)።

ልጆቹ እነማን ናቸው?

አይሪክ ግላምቤክ ቦ እና ኤርለንድ ኦዬ። ሁለቱም በ1975 የተወለዱ የበርገን ልጆች ናቸው። በርገን በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ ያለች፣ ከኦስሎ ቀጥላ የአገሪቱ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ናት። ዝናብ አይለያትም፤ በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ይጥልባታል። የእኛ ድሬ የዚያን ሲሶ እንኳ አታገኝም። በዚያ ዝናብ ሰው ቤቱ ተሰብስቦ ጊታር ሲነካካ ቢውል አይገርምም። ሁለቱ ከዚህ በፊት ስኮግ በሚባል ባንድ ውስጥ አብረው ተጫውተዋል።

ጠባያቸው ለየቅል ነው። ኤርለንድ አንድ ቦታ የማይረጋ፣ ከዳንስ ሙዚቃ ሰዎች ጋር የሚውል ነው። አይሪክ ደግሞ በርገን የቀረ፣ ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው ነው። ሁለተኛውን አልበም ለመረዳት ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል።

ከዚያ በፊት ምን ሠርተው ነበር?

የመጀመሪያው ትልቅ አልበማቸው «ኳየት ኢዝ ዘ ኒው ላውድ» በ2001 ወጣ። ሊቨርፑል ውስጥ ከኬን ኔልሰን ጋር ነው የሠሩት። ኬን ኔልሰን ኮልድፕሌይ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ የመጀመሪያ አልበም የሠራው ሰው ነው። የአልበማቸው ስም «ከእንግዲህ የሚሰማው ዝግ ያለው ነው» እንደማለት ነው። የእንግሊዝ ጋዜጦች ይህን ስም አነሱና እንደ ባንዲራ አውለበለቡት። ለስለስ ያለ ጊታር የያዘውን ወጣት ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልለው «አዲሱ የአኩስቲክ (ኤሌክትሪክ የሌለው መሣሪያ) እንቅስቃሴ» አሉት። ሁለቱ ልጆች ሳያስቡት የአንድ ጎራ መሪ ተደርገው ቁጭ አሉ።

በዚያው ዓመት የአልበሙን ዘፈኖች ለሌሎች ሙዚቀኞች ሰጥተው እንደገና ያሠሩበት «ቨርሰስ» የተባለ ሥራ ወጣ። ከዚያ ኤርለንድ ጓዙን ጠቅልሎ በርሊን ገባ። ሮይክሶፕ ከተባሉት የአገሩ ልጆች ጋር በ2001 ዘፍኖ ስሙ በዳንስ ቤቶች ታወቀ። በ2003 ደግሞ ብቻውን «አንረስት» የተባለ አልበም አወጣ። ዘፈኖቹን አሥር ከተሞች ውስጥ፣ ከአሥር የተለያዩ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰዎች ጋር ነው የቀዳቸው። አንዱ ሲዞር ሌላው በርገን ትምህርቱ ላይ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው አልበም ሲመጣ ብዙ ሰው የጠየቀው ሙዚቃው ጥሩ ይሆናል ወይ ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ እነዚህ ልጆች አሁንም አብረው ናቸው ወይ ብሎ ነው።

ሁለተኛ አልበም ለምን ይከብዳል?

የመጀመሪያው አልበም ላይ ያሉት ዘፈኖች አብዛኛውን ጊዜ የዓመታት ክምችት ናቸው። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የተጻፈ፣ ጓደኛ ፊት የተሞከረ፣ የተጣለና የተነሣ ሥራ ነው። ሁለተኛው ግን በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ሰው እያየ መጻፍ አለበት። ደግሞ አድማጭ አያዝንም። ካልተለወጠ «ያው ነው» ይላል፣ ከተለወጠ «ተበላሸ» ይላል። የእኛ አገር ዘፋኞችም ይህን ጭንቀት ያውቁታል። በመጀመሪያ ካሴቱ አገር ያዳረሰ ሰው በሁለተኛው ሲያቅማማ አይተናል።

ታዲያ ምን ለወጡ?

ብዙ አልለወጡም፤ የለወጡትም በጥንቃቄ ነው። ይህ ለእኔ የአልበሙ ትልቁ ጥንካሬ ነው።

አንደኛ፣ ወደ በርገን ተመልሰው ዳቪዴ ቤርቶሊኒ ከተባለ ፕሮዲውሰር ጋር ራሳቸው ሠሩት። የጊታሩ ድምፅ በጣም ቅርብ ነው። ጣት ክሩን ለቅቆ ወደሚቀጥለው ኮርድ ሲንሸራተት የሚያሰማት ትንሽ ፉጨት ትሰማለች። ሌላ ሰው ቢሆን ያጠፋት ነበር። እነሱ ትተዋታል፤ ሰውየው አጠገብህ የተቀመጠ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ዘፈኖቹ ተነቃንቀዋል። «ሚስሬድ» የሚለው ላይ ፒያኖው ሲገባና ቫዮላው ሲከተል እግር ሳይታዘዝ መሬት ይመታል። «አይድ ራዘር ዳንስ ዊዝ ዩ» ደግሞ የለየለት የዳንስ ዘፈን ነው። ሰውየው ግብዣ ላይ ነው፤ ጫጫታው ስለበዛ ከልጅቷ ጋር መነጋገር አልቻለም፤ ወሬው ይቅርና እንደንስ ይላታል። እነዚያ «ዝምተኞች» የተባሉት ልጆች ናቸው እንዲህ ያሉት። ኤርለንድ በርሊን የከረመው በከንቱ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል። በቪዲዮው ላይ ትንንሽ የባሌ ዳንስ ተማሪዎች አሉበት። እሱን ያየ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ደግሞ ክፈትልን መባሉ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ሰው ጋበዙ። ፋይስት የተባለችው ካናዳዊት ዘፋኝ ሁለት ዘፈን ላይ አለች፤ አምስተኛው «ኖው ሃው» ላይና መዝጊያው «ዘ ቢልድ አፕ» ላይ። እሷም በዚያው በ2004 «ሌት ኢት ዳይ» የተባለውን አልበሟን አውጥታለች፤ ዓለም በደንብ ያወቃት ግን ከዚያ በኋላ ነው። «ኖው ሃው» ላይ እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ አትሰማም። ሁለቱ ወንዶች ሲያሰላስሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው፣ ድንገት የሷ ድምፅ ገብቶ ነገሩን ሁሉ ያቀልለዋል። የአልበሙን አንድ ደቂቃ ብቻ ምረጥ ብባል ያቺን እመርጣለሁ።

ከበሮው የታለ?

ባንዳንዱ ዘፈን ላይ አለ፣ ግን ቀለል ያለ ነው። ምቱን በአብዛኛው የሚይዘው የጊታሪስቱ አውራ ጣት ነው። ወፍራሞቹን ክሮች እንደ ባስ ይመታል፣ ሌሎቹ ጣቶች መሐል መሐል ይገባሉ። ይህ አጨዋወት ቦሳ ኖቫ ከሚባለው የብራዚል ሙዚቃ ብዙ ተምሯል። ትልቅ ስፒከር ላይ ከፍታችሁ ባሱ እንዲያንቀጠቅጣችሁ ከጠበቃችሁ ግን ዝም ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። በኢርፎን ሞክሩት።

ተቺዎች ምን አሉ?

በጥቅሉ በደስታ ነው የተቀበሉት። የሁለቱ ድምፅ መዋሐድ፣ የዘፈን አጻጻፋቸው መብሰል፣ የፋይስት መግባት ደጋግሞ ተመስግኗል። «ሁለተኛው ላይ ይወድቃሉ» ብሎ የጠበቀ ሰው ያሰበው አልሆነለትም።

ቅሬታም ነበር። ዋናው «በጣም ጨዋ ነው» የሚል ነው። ከፍ ዝቅ የለውም፣ ቡና እየተጠጣ ከጀርባ የሚከፈት ሙዚቃ ነው፣ ዘፈኖቹ ይመሳሰላሉ አሉ። በከፊል እስማማለሁ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ያሉት «ላይቭ ሎንግ»፣ «ሰርፕራይዝ አይስ» እና «ጎልድ ኢን ዚ ኤር ኦፍ ሰመር» ተቀራራቢ ርጋታ ላይ ተከታትለው ተደርድረዋል። አንዱ ወደ ፊት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ጆሮ ያርፍ ነበር። «ከጀርባ የሚከፈት ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ግጥሙን ሰምቶ የጨረሰ ሰው እንዲህ አይልም። የጓደኝነት መሻከር፣ አለመግባባት፣ እውነት ተናጋሪ ሰው ብቻውን መቅረቱ፣ ቤት የቱ እንደሆነ መጥፋቱ ነው የሚወራው። ድምፃቸው ስላልጮኸ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

ሳይመንና ጋርፈንክልን ኮርጀው ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

ንጽጽሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልለቀቃቸውም። ሁለት ወንዶች፣ አኩስቲክ ጊታር፣ ተደርቦ የሚሄድ ለስላሳ ድምፅ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እነዚያን የ1960ዎቹ አሜሪካውያን ጥንድ ዘፋኞች ነው። ግን የሁለቱን ጥንዶች ሁለተኛ አልበም ጎን ለጎን ብታዩ መንገዳቸው ተቃራኒ ነው። የሳይመንና ጋርፈንክል የመጀመሪያ አልበም በ1964 ወጥቶ ሰሚ አጣ። በ1965 ፕሮዲውሰራቸው ቶም ዊልሰን እነሱ ሳያውቁ ከዘፈኖቹ በአንዱ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ባስና ከበሮ ጨመረበት። ያ ዘፈን በ1966 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛው አልበማቸውም በዚያው ዘፈን ስም ተሰይሞ ተከተለ። ማለትም እነሱን ያወጣቸው የተጨመረው ድምፅ ነው። ኪንግስ ኦቭ ኮንቪኒየንስ ግን በስቱዲዮ ብልሃት ያልሆኑትን ለመምሰል አልሞከሩም።

ደግሞ ራሳቸውም ንጽጽሩን አይሸሹም። የመጀመሪያው ዘፈን «ሆምሲክ» ላይ አንድ ሠራተኛ አለ። ገበያው እየተበላሸበት፣ አለቃው እንደሚቆጣ እያወቀ፣ ሁለት ለስላሳ ድምፆች ተዋሕደው የሚሰሙበትን አንድ ያገኘውን ቅጂ መስማት ማቆም አቃተው። የማን ቅጂ እንደሆነ አይናገርም። የሰማ ሰው ግን ይገባዋል።

ከየትኛው ዘፈን ልጀምር?

ከመጀመሪያው ጀምሩ፣ ከ«ሆምሲክ»። እዚያ ዘፈን ውስጥ በየቀኑ መስታወት ውስጥ ያለው ልጅ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» እያለ ይጠይቀዋል። ሰውየው ቤቱን ናፍቋል፤ ችግሩ ግን ቤቱ የቱ እንደሆነ አያውቅም። ድሬ ላይ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ከተማዋ ራሷ በባቡር ሐዲድ ምክንያት በ1902 የተቆረቆረች፣ ከየአገሩ በመጣ ሰው የተሞላች ናት። ከዚህ ተነሥቶ ጅቡቲ፣ ዓረብ አገር፣ አሜሪካ የገባው ልጅም ብዙ ነው። ውጭ ያለ የድሬ ልጅ «ናፍቆኛል» ሲል ለገሃሬን ይሁን፣ መጋላን ይሁን፣ ወይስ አብረውት ያደጉትን ልጆች ይሁን አንዳንዴ እሱም አይለየውም። ትዝታ ሲዘፈን ያደገ ጆሮ ይህን ዘፈን ቶሎ ይቀበለዋል።

ለመነቃቃት ከሆነ ወደ «ሚስሬድ» እለፉ። ለቀትር ደግሞ ሦስተኛው «ኬይማን አይላንድስ» አለ። በጠባብ መንገድ፣ በጥላ ጥላው፣ ቀዝቀዝ እያሉ ውኃ ተከትሎ መሄድን ነው የሚያወራው። ቦይ በቦይ የሆነች ከተማ ናት፤ ጢማም ሰው በታንኳ ሲቀዝፍ ያልፋል። የድሬው ደጫቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ስለሆነ ታንኳውን እዚህ አናገኘውም። ጥላ ፍለጋው ግን የእኛው ነው።

ሁለት ሰው አብሮ ሲዘፍን ለምን እንግዳ ሆነብኝ?

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ያነሣዋል። የእኛ ዘፈን በአብዛኛው አንድ ዜማ ነው። ብዙ ሰው አብሮ ቢዘፍን እንኳ ሁሉም ያንኑ ዜማ ይዞ ይሄዳል፣ ወይም አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል። ጭፈራውም፣ ማኅሌቱም፣ ሠርጉም እንዲህ ነው። እነዚህ ልጆች ግን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቃል፣ በተለያየ የድምፅ ከፍታ ይዘፍናሉ። አንዱ ዜማውን ይይዛል፣ ሌላው ከበላዩ ወይም ከበታቹ ተጠግቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ስትሰሙት የትኛው ዋናው እንደሆነ ይጠፋችኋል። አንድ ዘፈን መርጣችሁ መጀመሪያ የላይኛውን ብቻ፣ ደግማችሁ የታችኛውን ብቻ ለመከተል ሞክሩ። በሦስተኛው ሁለቱም ይለዩላችኋል።

በአገራችን ሙዚቃ ይህን የሚመስል አለ?

አንድ ለአንድ የሚመሳሰል ፍለጋ ከሆነ ይከብዳል። ዝግ ያለ ሙዚቃ ግን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በዐቢይ ጾም በገና የሰማ ሰው፣ ለምሳሌ ዓለሙ አጋን፣ አሥር ክርና አንድ ጥልቅ ድምፅ ብቻ ቤቱን እንዴት እንደሚሞላ ያውቃል። በገና የሚደመጠው ተቀምጦ፣ ወሬ ቆሞ ነው። ይህ አልበምም የሚፈልገው ያንኑ ትኩረት ነው።

ጊታርን በተመለከተ ደግሞ ድሬ የሚያፍር ከተማ አይደለም። ዓሊ ቢራ እዚሁ በ1947 ተወልዶ፣ በልጅነቱ አፍረን ቀሎ ከተባለው ቡድን ጋር ተነሥቶ፣ ጊታርና ኡድ (የዓረቦቹን ባለ ክር መሣሪያ) ይዞ በአፋን ኦሮሞ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛ ዘፍኖልናል። በኖቬምበር 2022 ሲያርፍ ከተማው ሁሉ አልቅሷል። እሱ ኡድ ይዞ ብቻውን የዘፈናቸውን ቅጂዎች ስሙ። ትልቅ ባንድ ከኋላው በማይኖርበት ጊዜ ጣቱና ድምፁ ብቻ ምን ያህል እንደሚበቁ ትሰማላችሁ። ያን የሚወድ ሰው ይህን አልበም አይጠላውም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

መቼና እንዴት ልስማው?

ድሬ ላይ ትክክለኛው ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ፀሐዩ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ይቀንሳል፣ ሰው ቤቱ ይገባል። ያኔ የከተማው ድምፅ ስለሚወርድ የእነሱ ድምፅ ይሰማል። ፋን ካበራችሁ ዝቅተኛው ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ የአይሪክን ድምፅ ይውጠዋል። ማታ የሠርግ ስፒከር ባለበት ሰፈር አትድከሙ።

ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ከፍላሽ ወይም ከቴሌግራም ስታወርዱ አንድ ሁለት ዘፈን ብቻ አትውሰዱ። በቅደም ተከተል የተሠራ አልበም ነው። «ሆምሲክ» የሚከፍተው፣ «ዘ ቢልድ አፕ» የሚዘጋው ታስቦበት ነው። ከተቻላችሁ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ ስሙት፤ ሙዚቀኛ የሚኖረው በዚያ ነው።

ኖርዌጂያውያን ሆነው ለምን በእንግሊዝኛ ዘፈኑ?

ከአገራቸው ውጭ ለመሰማት ነው፤ ብዙ የኖርዌይ ባንዶችም እንዲህ ያደርጋሉ። እንግሊዝኛቸው ቀለል ያለ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ አነጋገሩ ጥርት ያለ ስለሆነ ቋንቋውን ለሚማር ልጅም ጥሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ምን ሠሩ?

ቸኩለው አያውቁም። ሦስተኛው «ዴክላሬሽን ኦፍ ዲፔንደንስ» በ2009 ወጣ፤ አራተኛው «ፒስ ኦር ላቭ» ደግሞ በ2021። በመሐል 12 ዓመት! ኤርለንድ ከሁለተኛው አልበም በኋላ በነበሩት ዓመታት «ዘ ዋይተስት ቦይ አላይቭ» ከተባለው ባንዱ ጋር ሠርቷል፤ ቤቱንም ወደ ጣልያኗ ሲሲሊ አዙሯል። ጣልያኖች እንደ ራሳቸው ልጅ ነው የሚያዩት። ሦስተኛው ላይ ከበሮ የሚባል ነገር ጭራሽ አታገኙም። አራተኛው ላይ ፋይስት ተመልሳ መጥታለች፤ ሁለተኛውን አልበም የወደደ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሷ ያለችባቸውን ዘፈኖች ነው።

ጊታር እየተማርኩ ነው፤ ከነሱ ምን ልውሰድ?

ከሁሉ በፊት ፒኩን (ክር መምቻዋን ቁራጭ) አስቀምጡት። ይህ ሙዚቃ በጣት ነው። አውራ ጣት ባሱን ብቻ ይያዝ፤ ለብቻው ቀጥ ብሎ እስኪሄድ ድረስ ሌሎቹን ጣቶች አትጨምሩ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ልጅ በኋላ ምቱ ይፈርስበታል።

ከጓደኛ ጋር ከሆናችሁ በጣም ጥሩ። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ነገር አትጫወቱ። አንዱ የናይሎን ክር ያለውን ክላሲክ ጊታር ይያዝ፣ ሌላው የብረት ክር ያለውን። የናይሎኑ ለስላሳና ወፈር ያለ፣ የብረቱ ቀጭንና ብርቅርቅ ያለ ድምፅ ስላለው አይጋጩም። አንዱ ኮርድ ሲይዝ ሌላው ነጠላ ኖታ እየለቀመ ይግባበት። ካፖ (አንገቱ ላይ ታስሮ ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) ካላችሁ አንዱ ጊታር ላይ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ያው ኮርድ በሌላ ቅርጽ ሲያዝ ሁለት ጊታር መሆኑ በደንብ ይሰማል።

አንድ የድሬ ነገርም አለ። ጊታራችሁን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር ወይም የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ሙቀቱ ክሩ የታሰረበትን የእንጨት ድልድይ ሙጫ ያላላዋል፤ እንጨቱ ቀስ እያለ ከገላው ይነሣል፣ ክሩም ከጊታሩ አንገት ይርቃል። ማስጠገኛው ደግሞ ውድ ነው። ቤት ውስጥ፣ ጥላ ያለበት ግድግዳ ሥር፣ በሳጥኑ ውስጥ አድርጉት። የክሩን ውጥረትም ሁልጊዜ ከመጫወታችሁ በፊት አስተካክሉ፤ ጠዋት የተቃኘ ጊታር በድሬ ቀትር ቅኝቱን ይለቃል።